ግማሹ የተነበበ ደም

ሰው ሲታመም ከበሽታው ይበልጥ የሚያናድደኝ የዘመዶቹ ደግነት ነው። በሽታ ቢያንስ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፣ እግርን ያሳብጣል፣ "መጣሁ" ይላል። የዘመድ ደግነት ግን ከኋላ መጥቶ አፍ ይይዛል። የእኔን አፍ የያዘው ደግ ሰው የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስሙ ውበቱ ይባላል፤ እኔ አያ ውበቱ እለዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ሰው ቢያነብለት ይቆጣል። ይቆጣ።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ የመልቀቂያው ፈተና ስላልቀናኝ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው አገራችን ተመልሼ ነበር። ምን እንደምሠራ አላውቅም። እናቴ ጥጥ ፍተይ ትለኛለች፤ ክሩን እበጥሰዋለሁ። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ በጓሮ በር እወጣለሁ። ጎረቤቶቻችን "የካሴ ልጅ ምላሷ ከእግሯ ይፈጥናል" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

አባቴ ካሴ ነገረ ፈጅ ነው። በቡሬ ችሎት የእሱን ድምፅ የማያውቅ ዳኛ የለም። ርስት የተነጠቀ፣ ወሰን የተገፋበት፣ ሚስቱ የካደችው ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። የረታ እንደሆነ ደስ ብሎት አረቄ ይጋብዘዋል፤ የተረታም እንደሆነ "አጽናናኝ ካሴ" ብሎ አረቄ ይጋብዘዋል። ነገር ባለበት ቦታ ሁሉ አረቄ አለ፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ነገር የሌለበት ቦታ የለም።

አንድ የበጋ ወቅት ዓይኖቹ ቢጫ ሆኑ። "የወፍ በሽታ ነው" ተባለ፤ ሥር ተቀቅሎ ጠጣ። ከዚያ ሆዱ ተነፋ፤ ሲቀመጥ ሱሪው አልታጠቅ አለ። ቁርጭምጭሚቱን በጣት ስትጫኑት ሊጥ ላይ እንደተጫናችሁ ጉድጓዱ ይቀራል። እናቴ "ዓይን ነው" አለች። እኔ ጮህኩ፤ ጮህኩ፤ በመጨረሻ ከጩኸቴ ለመገላገል ብለው ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰዱት።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ቁጡ የሚመስል፣ ግን ቁጡ ያልሆነ ሰው። ያን ዕለት ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ያስተረጉም ነበር፤ እኔ ጥጉ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ።

"መጠጥ ትጠጣለህ ወይ? ይላል" አለ ድሬሰሩ።

"ጠላ እንደ ሰው። አረቄ የምቀምሰው የችሎት ቀን ብቻ ነው።"

ፈረንጁ ይህን ሲሰማ ትንሽ ደስ አለው። "ችሎት የሚውለው መቼ መቼ ነው?"

አባቴ ምንም ሳያፍር፣ "ከእሑድና ከበዓል በቀር ሁልጊዜ" አለ።

ፈረንጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደም ተቀዳ። የጉበት ምርመራው እዚያ የሚሠራ ስላልነበረ ደሙ አዲስ አበባ ይላካል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አንዲት ጠብታ መጠጥ እንዳይቀምስ ተባለ። ጠላም ቢሆን፤ ጠጅም ቢሆን።

እዚህ ላይ አባቴን እወቁልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን "እሺ" ብሎ ማታውኑ ይጠጣ ነበር። አባቴ ግን የሕግ ሰው ነው። "ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ገባው። እግድ ነው! ነገሩ እስኪወሰን ድረስ የታገደ ርስት አይታረስም፤ የታገደ አረቄም አይጠጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠርግ ላይ፣ ተዝካር ላይ፣ የማኅበር ጽዋ ላይ ሳይቀር መዳፉን ዋንጫው ላይ ጭኖ "ታግጃለሁ" ይላል። ሰው ይስቃል። እሱ አይስቅም። እናቴ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ፣ ልብሱን በላብ ሲያርስ አይታ አልቅሳለች፤ እሱ ግን እግዱን አልጣሰም። ከወር በኋላ ለማመሳከሪያ ሁለተኛ ደም ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ፤ ዓይኑም መጥራት ጀመረ። እኔም እንደ ሞኝ ተስፋ አደረግሁ።

የሁለቱም ደም ውጤት መጣ ተብሎ ስንጠራ ሦስታችን ሄድን፤ አባቴ፣ አያ ውበቱና እኔ። ድሬሰሩ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ፈረንጁ ዙሪያውን አየና በእንግሊዝኛ፣ "ከእናንተ መካከል ቋንቋ የሚችል አለ?" አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ያን ቀን ፈተና መውደቄን ረሳሁት።

በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ግራ አጋባኝ። ከአባቴ ክንድ ደም ቀድቶ በቀጭን ብርጭቆ ቱቦ አደረገ። ቀጥሎ፣ "ጤነኛ ሰው እፈልጋለሁ" አለ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤ ከእኔም ቀዳ። ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን አቁሞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ከአዲስ አበባ የመጣውን ማንበብ ጀመረ።

"የጉበቱ ኢንዛይም ወርዷል" አለኝ። "አሁን ከጤነኛ ሰው ብዙም አይለይም።"

እኔ ወደ አባቴ ዞርኩና፣ "ከጉበቱ ቁጥሮች አንዱ ወርዷል፤ ልክ ወደ መሆን ደርሷል ይላል" አልኩ።

ፈረንጁ አላቆመም። ቀጠለ፤ ረጅም ነገር አወራ፤ እጁን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ አባቴ ሆድ ጠቆመ። እኔ አፌን ከፍቼ "ነገር ግን" ከማለቴ አያ ውበቱ ተነሥቶ ነበር። "ተመስገን! ተመስገን የአባቶቼ አምላክ!" ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ። ከዚያ ክንዴን ያዘኝ፤ መያዝ ስላችሁ ቆነጠጠኝ። ዓይኔን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ "ጨርሰሻል" አለኝ።

"አልጨረስኩም።"

"ጨርሰሻል አልኩሽ። ጋሼ፣ ይውጡና ዛፉ ሥር ይረፉ፤ መድኃኒቱን እኛ እንቀበላለን።"

አባቴ ተነሣ፤ ለፈረንጁ ለዳኛ እንደሚነሡት እጅ ነሥቶ ወጣ። በሩ ላይ ቆም ብሎ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ያን አስተያየት ያን ጊዜ አልተረዳሁትም።

ፈረንጁ "የት ሄደ?" አለ። እኔ በእፍረት መሬት መሬት አየሁ። "ባህል ነው" አልኩት፤ ሌላ ምን ልበለው?

"እንግዲያው ለእናንተ ልንገራችሁ" አለና ቱቦዎቹን አነሣ። የእኔን ሲያዘነብለው ደሙ ንቅንቅ አላለም፤ እንደ ጉበት ረግቶ ከብርጭቆው ተጣብቋል። የአባቴን ሲያዘነብለው ግን እንደ ውኃ ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ሄደ። መልሶ አቆመው፤ ጠበቅን። እንደገና አዘነበለው፤ አሁንም ይፈሳል።

"ደምን የሚያረጋውን ነገር የሚሠራው ጉበት ነው" አለኝ። "የአባትሽ ጉበት መሥራት አቅቶታል። ከአዲስ አበባ የመጣው ሌላው ቁጥር ደግሞ አልቡሚን ይባላል፤ ውኃን ከደም ሥር እንዳይወጣ የሚይዝ ነው፤ እሱንም የሚሠራው ጉበት ነው፤ እሱም በጣም ዝቅ ብሏል። ለዚህ ነው ሆዱና እግሩ ውኃ የያዘው።"

"ታዲያ ያ ኢንዛይም ለምን ልክ ሆነ?" አልኩ፤ ተናድጄ፣ እሱ ያጠፋ ይመስል።

"ኢንዛይሙ የሚነግረን ዛሬ ጉበቱ ምን ያህል እየተጎዳ እንደሆነ ነው። ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። መጠጡን ስላቆመ ጉዳቱ ቀነሰ፤ ቁጥሩም ወረደ። ሁለተኛም፣ የሚጎዳው የቀረው ትንሽ ስለሆነ ነው። ስንት እንደቀረ ግን ኢንዛይሙ አይናገርም።" ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ። "ዛሬ ወደ መጠጥ ቢመለስ ከሆድ ዕቃው ደም ሊፈስ ይችላል። ከፈሰሰ አይቆምም። ካልጠጣ ደግሞ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ንገሪው። ዛሬውኑ።"

ለአያ ውበቱ ተረጎምኩለት። የጎረቤታችን ቤት የተቃጠለ ጊዜ ትዝ አለኝና እንዲህ አልኩት፦ "ጭስ የለም ማለት ቤቱ አለ ማለት አይደለም። ማገዶው ካለቀም ጭስ ይጠፋል።"

አያ ውበቱ እንባው መጣ። ልብ በሉ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙን ይወዳል። በነጠላው ዓይኑን ጠረገና፣ "ይህ ለታመመ ሰው ይነገራል?" አለ። "ልቡ ይሞታል። ሰው የሚሞተው መጀመሪያ በልቡ ነው። እኔ ቀስ ብዬ፣ በምክር፣ ሰው ሰብስቤ እነግረዋለሁ።"

"መቼ?"

"ጊዜው ሲደርስ።"

"ዛሬ ብሏል እኮ!"

"ፈረንጅ ምን ያውቃል? መርዶ እንኳ በእኛ አገር ዘመድ ተሰብስቦ፣ አስቀምጦ ነው የሚረዳ። እንዳትነግሪው። 'አባቴ ይሙት' ብለሽ ማይልኝ።"

"ለዚያ መሐላ አያስፈልገውም" አልኩት።

በጥፊ ሊመታኝ እጁን አነሣ፤ ፈረንጁ ስላለ ተወው።

አውቶቡስ ላይ አያ ውበቱ በመካከላችን ተቀመጠ። አባቴ በመስኮቱ በኩል ሆኖ ፊቱ በርቷል፤ ከፊት ያለውን፣ ከኋላ ያለውን ያዋራል። "ደሜ አዲስ አበባ ድረስ ተከሶ ሄዶ ነጻ ወጣ!" ይላል። ሰው ይስቅለታል። ማንኩሳ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ጎንበስ ብዬ፣ "አባዬ፣ ሐኪሙ ሌላም ነገር ብሏል" አልኩ።

"አዎ" አለ አያ ውበቱ ከአፌ ነጥቆ፣ "ሥጋ ይብሉ ብሏል።"

"ሌላም ብሏል!"

"አዎ፤ ልጅዎን ይዳሯት ብሏል።"

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ በንዴት የመቀመጫውን ጨርቅ ስቦጭቅ ቡሬ ደረስን። እዚያም ወዲያው በቅሎ ተገኘለት፤ አያ ውበቱ ልጓሙን ይዞ እየሮጠ ወሰደው። ከኋላ እያለከለክሁ ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ አባቴም መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ "እሑድ የምስጋና ድግስ አለኝ፤ እግዱ ተነሥቷል" እያለ ያውጃል።

ገባችሁ? የደሙ ቁጥር የወረደው ስላልጠጣ ነው። አሁን ቁጥሩ ስለወረደ ሊጠጣ ነው!

እናቴን ወደ ጓዳ ስቤ ነገርኳት። አለቀሰች፤ አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ጥንስሱ ተጠንስሷል፣ ሰው ተጠርቷል። ለእሱ እንዳትነግሪው፤ በድንጋጤ ይሞትብኛል።"

"በአረቄ ከሚሞት በድንጋጤ ይሙት እንጂ!"

"አፍሽን ያዢ አንቺ ሟርተኛ!"

አባቴን ብቻውን ለማግኘት ያልሞከርኩት የለም። ሲተኛ አያ ውበቱ እግሩ ሥር ይተኛል። ወደ ደጅ ሲወጣ ይከተለዋል። ፊቱን ሲታጠብ ውኃውን የሚያፈስለት እሱ ነው። እንዲህ ያለ ጥበቃ ለእስረኛም አይደረግም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን መምሬ ጥሩነህን የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። አባቴ የሚፈራው ዳኛ ባይኖርም ግዝት ይፈራል።

"መምሬ፣ አረቄ እንዳይጠጣ ገዝቱልኝ። ዛሬውኑ። ሊሞት ነው።"

መስቀላቸውን አሳልመውኝ ነገሩን በሙሉ ሰሙኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ግዝት ለኃጢአት ነው። ሰው ደስ ብሎት ፈጣሪውን ሊያመሰግን ባዘጋጀው ድግስ ላይ እንዴት ብዬ ልገዝት? ደግሞስ ወንድሙ 'ድኗል' እያለ፣ አንቺ 'ሊሞት ነው' እያልሽ የማንን ይዤ? በእርጋታ ይሁን። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል።"

"እኔ የምፈራው ብርሌውን ነው፣ መምሬ።"

"ተይ እንግዲህ" አሉኝ፤ ግን አልሳቁም። ጥቂት ቆም ብለው፣ "ሰው ነገር የሚሰማው በቋንቋው ነው፤ ማሰማትም በቋንቋው ነው" ብለውኝ ሄዱ። በንዴቴ ምክንያት ያን ጊዜ እንደ ሌላው ሁሉ ሸሹኝ ብዬ ነበር።

ድግሱ ተጀመረ። ወንዶቹ በመደቡ ዙሪያ፣ ሴቶቹ በጓዳው በኩል። አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ ከመምሬ አጠገብ ተቀምጧል። ጧት አያ ውበቱ ራሱን ከላጨ በኋላ በዚያው ምላጭ አባቴን ላጭቶት ነበር፤ ምላጩ ሸራፋ ስለነበር ሁለቱም አገጫቸው ላይ ተቆርጠዋል። አያ ውበቱ ላይ ትንሽ ቅርፊት ይታያል። አባቴ ላይ ጥጥ ተለጥፏል፤ ጥጡ ቀይ ነው። ሲቀይሩት አይቻለሁ። ከዚያም ሌላ ጥጥ። ከዚያም አመድ። የአዲሱ ጋቢ ጠርዝ ላይ ነጠብጣብ ወርዷል። ሰው ሁሉ ያያል፤ ማንም አይናገርም። የደስታ ቀን ነዋ!

ጠላውን የምቀዳው እኔ ነበርኩ። መምሬ ባርከው ሲያበቁ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ዞርኩ። ለመምሬ ቀዳሁ። አባቴ ዋንጫውን ዘረጋ። አልፌው ለሚቀጥለው ሰው ቀዳሁ።

ሳቅ ሆነ። "ምነው የሺ! ጌታውን ዘለልሽው?" አለ አንዱ።

"ቅጂ እንጂ" አለ አባቴ፤ ዋንጫው እንደተዘረጋ ነው።

አያ ውበቱ ተነሣና በእጁ ይዞት የነበረውን አረቄ፣ "ይሄ ይሻላል፣ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ይሄ ይሁን" ብሎ በመለኪያ ሞልቶ ሰጠው። አባቴ ተቀበለው። ወደ አፉ ሲያስጠጋው አየሁ።

መጮህ እችል ነበር። ስጮህ ነው የከረምኩት፤ ማንም አልሰማኝም። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ችሎት እንደሚቆም ሰው አደግድጌ፣ ከመካከል ቆምኩ።

"ይግባኝ አለኝ!" አልኩ።

አሁንስ የባሰ ተሳቀ። ሴቶቹ ከጓዳ አንገታቸውን አወጡ። እናቴ "ወይኔ ልጄ!" ስትል ሰማሁ። አባቴ ግን መለኪያውን ከከንፈሩ ሳያደርስ አቆመ። እሱ ቤት ይግባኝ የሚለው ቃል እንደ ሌላ ቃል አይደለም።

"በማን ላይ?" አለ።

"በአያ ውበቱ ላይ። ፍርዱን ግማሹን ብቻ ነው ያስነበቡልዎት።"

"አስወጧት ይህችን እብድ!" አያ ውበቱ ወደ እኔ መጣ። አባቴ መዳፉን አነሣ። "ይግባኝ ያለ ሳይሰማ አይወጣም። ቁጭ በል ውበቱ።" ከዚያ ወደ እኔ፦ "ሐኪሙ ልክ ነው አላለም?"

"ብሏል።"

"አንቺ ራስሽ አልተረጎምሽም?"

"ተርጉሜያለሁ። አንዱን ቁጥር። እሱ ቁጥር የሚናገረው ጉበትዎ ዛሬ ምን ያህል እየተጎዳ እንደሆነ ነው። ስላልጠጡ ጉዳቱ ቀንሷል። ከጉበትዎ ምን ያህል እንደቀረ የሚናገረው ሌላው ነው። ሆድዎን ውኃ ያስያዘው፣ ደምዎን አልረጋ ያሰኘው እሱ ነው። ጉበትዎ ሥራውን ትቷል አባዬ። ከጠጡ ውስጥዎ ይደማል። ከደማ አይቆምም። ይህን ነው ፈረንጁ ያለው።"

መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ምስክር አለሽ?" አለ አባቴ። ድምፁ የቤት ድምፁ አልነበረም፤ የቡሬው ድምፁ ነበር።

"አለኝ።"

"የት?"

"አገጭዎ ላይ።"

እጁን ወደ አገጩ ሰደደ። ጥጡን ነካው፤ ጣቱን አየው።

"ጧት በአንድ ምላጭ ነው ሁለታችሁም የተላጫችሁት" አልኩ። "አያ ውበቱን ይዩት። ደርቋል። እርስዎ ግን እስካሁን ይደማሉ። ሐኪሙ ከእኔና ከእርስዎ ደም ቀድቶ ያሳየን ይህንኑ ነው። የእኔ ረጋ፤ የእርስዎ አልረጋም። አያ ውበቱ በዓይናቸው አይተዋል። ይጠይቋቸው።"

አባቴ የወንድሙን አገጭ ረጅም ጊዜ አየ። "ውበቱ። አይተሃል?"

አያ ውበቱ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ማልቀስ ጀመረ። መልሱ እሱ ነበር።

"እኔ" አለ አባቴ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያስታውቅ፣ "በሐሰተኛ ምስክር ብዙ ጊዜ ተረትቻለሁ፤ ረትቼም አውቃለሁ። ሐሰተኛ ምስክር ይጣላል። ግማሽ ምስክር ግን አይጣልም፤ የተናገረው ሁሉ እውነት ነዋ። ለዚህ ነው የሚገድለው።" መለኪያውን መደቡ ላይ አስቀመጠ። መዳፉን ላዩ ላይ ጫነበት። "ታግጃለሁ።"

ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፦ "ተሰምቷል። ውጪ።"

ወጣሁ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አባቴ አቅፎ ሳመኝ፣ ሰውም "ጀግና ልጅ" አለኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። ድግሱ ተበላሸ፤ ጠላው ኮመጠጠ። ሴቶቹ ወንዝ ስንወርድ፣ "አባቷን በቁሙ፣ በአደባባይ ገነዘችው" ይሉ ነበር፤ እኔ እየሰማሁ። ለጋብቻ የሚመጡት ሽማግሌዎች መምጣት አቆሙ፤ ይህስ ባልከፋ። አባቴ አልጠጣም፤ ግን አላናገረኝም። አዝመራው እስኪገባ ድረስ ከእኔ ጋር የተነጋገረው በሰው አፍ ነው። "ለዚያች ልጅ ውኃ አምጪ በሏት" ይላል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ! ፊት ለፊት የነገርኩትን እኔን ቀጥቶ፣ የደበቀውን ወንድሙን ግን በሳምንቱ ይቅር አለው። ይህን እስከ ዛሬ አልዋጥሁትም። ሰው እውነቱን ተቀብሎ የተናገረውን ሰው አይቀበልም። ይህ የፍርድ ቤት ሕግ ይሁን የሰው ልጅ ሕግ አላውቅም።

መምሬ ጥሩነህ ብቻ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ "በቋንቋው አሰማሽው አይደል?" ብለው አለፉ።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው፤ ትምህርቴ ትንሽ ነውና ከሐኪም አልበልጥም። የጉበት ምርመራ ውጤት አምጥታችሁ "ልክ ነው" የሚላችሁ ሰው ካለ አንድ ነገር ጠይቁት፦ የትኛው ነው ልክ የሆነው? የሚፈርሰውን የሚቆጥረው ነው ወይስ የሚሠራውን የሚቆጥረው? ደሙ ይረጋል ወይ? ሆዱስ ውኃ ይዟል ወይ? ጠጪ ሰው መጠጥ አቁሞ ቁጥሩ ከወረደ፣ ያ ቁጥር የማቆሙ ፍሬ ነው እንጂ ለመጀመር ፈቃድ አይደለም። ሐኪሙም የሚያወራችሁን እስከ መጨረሻው ስሙት። ዘመድ ክንዳችሁን ቢቆነጥጥም።

አዝመራው ከገባ በኋላ ፍኖተ ሰላም ተመልሰን ሄድን። ደሙ እንደገና አዲስ አበባ ተልኮ ተመልሷል። አባቴ ቀጥኗል፤ ሆዱ ትንሽ ጎድሏል፤ እግሩ ላይ ግን አሁንም ሲጫኑት ጉድጓዱ ይቀራል። ድሬሰሩ ነበር፤ ሊያስተረጉም ገባ። አያ ውበቱም ተከትሎ ገባ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ለድሬሰሩ፣ "አንተን አይደለም፣ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ" አለው። ለአያ ውበቱ፣ "አንተ ዛፉ ሥር ጠብቅ" አለው። ከዚያም ከድግሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"ያን ጊዜ ፈረንጁ ረጅም አወራ፤ የአንቺ አጭር ነበር። እዚሁ በሩ ላይ ቆሜ ታዝቤያለሁ።"

"ያውቁ ነበር?" አልኩ፤ ድምፄ ወጣ። "ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን ደገሱ?"

"የተፈረደለት ሰው መዝገቡ ይመርመርልኝ አይልም" አለ። ተቀመጠ፤ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። "ዛሬ ሰውየው ባወራው ልክ አውሪ።"

ፈረንጁ ማውራት ጀመረ። ረጅም ነበር። ፊቱን አይቼ ከመስማቴ በፊት አወቅሁት፤ ግማሹ መልካም ነው፣ ግማሹ አይደለም፤ የተሻለ ነገር አለ፣ የማይመለስ ነገርም አለ። አባቴ ፈረንጁን አያይም። አፌን ነው የሚያየው።

ከመጥፎው ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

"ቀጥይ" አለ አባቴ።